ሠላሳው ብር ለምን አነሰባቸው?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የጌታችንን የመድኃኒታችንን የኢየሱስ ክርስቶስን ሕማም የሚተርኩ ፊልሞች በሰሙነ ሕማማትና በትንሣኤ ሰሞን በየቤቱ ይከፈታሉ። ከመካከላችሁ ከአንድ በላይ ያላየ ጥቂት ይመስለኛል። ስለ እነዚህ ፊልሞች የሚነሣው ክርክር አብዛኛውን ጊዜ ስለ አልባሳቱ፣ ስለ ተዋናዩ መልክ፣ ስለሚታየው ደም ብዛት ነው። የጌታን መልክ ለአንድ ተዋናይ ፊት መስጠት ራሱ ተገቢ ነው ወይ የሚለው ጥያቄም አለ፤ ይህ ግን ሰፊ ነገር ስለሆነ ለብቻው ይቆየን። ዛሬ ልጽፍላችሁ የወደድሁት ስለ አንድ ሰው፣ ስለ ይሁዳ ነው፤ ይኸውም ፊልም ሠሪዎች «ጌታውን ለምን ሸጠ?» ለሚለው ጥያቄ ስለሚሰጡት መልስ።

የወንጌሉ መልስ አጭር ነው። ቅዱስ ዮሐንስ ይሁዳ የማኅበሩን ከረጢት ይይዝ እንደነበረና ወደ ከረጢቱ ከሚገባው ለራሱ ይሰርቅ እንደነበረ ይነግረናል (ዮሐ. 12፥6)። ቅዱስ ማቴዎስ ደግሞ ወደ ካህናት አለቆች በእግሩ የሄደው ራሱ እንደነበረ፣ ዋጋውንም ጠይቆ ሠላሳ ብር እንደመዘኑለት ጽፏል (ማቴ. 26፥14-16)። ይኸው ነው። የተደበቀ ምሥጢር፣ የፖለቲካ ስሌት፣ የተሰበረ ልብ ታሪክ የለበትም።

በሕፃናት ክፍል ይህን ታሪክ ያስተማረ ሁሉ «በሠላሳ ብር ብቻ?» የሚለውን ጥያቄ ያውቀዋል። ልጆቹ እውነት አላቸው፤ በዛሬው ገበያ ሠላሳ ብር አንድ ማኪያቶ የማይገዛበት ካፌ ሞልቷል። በመጽሐፉ «ብር» የተባለው ማዕድኑ እንደሆነ ማስረዳት ይኖርብናል። በዘመኑ በኢየሩሳሌም ለቤተ መቅደስ ግብር ይከፈልበት የነበረው የጢሮስ ሰቅል ነው ብንል፣ አንዱ ሰቅል አራት ዲናር ያህል ስለሚሆን ድምሩ 120 ዲናር ገደማ ነው። ዲናር ደግሞ የአንድ ቀን ሠራተኛ ዋጋ ነበረ (ማቴ. 20፥2)። ስለዚህ የአራት ወር የቀን ሥራ ደመወዝ ማለት ነው። ምናምንቴ አይደለም፤ ሀብታም የሚያደርግም አይደለም። በቢታንያ በጌታ ላይ የፈሰሰው ሽቱ በ300 ዲናር ይሸጥ ነበር ከተባለ፣ የጌታ ዋጋ የሽቱውን ዋጋ ግማሽ እንኳ አልሞላም። በኦሪትም ሠላሳ ሰቅል በሬ የወጋው ባሪያ ካሣ ነው (ዘጸ. 21፥32)።

እንግዲህ ፊልም ሠሪዎቹን ያስቸገራቸው ይህ ትንሽነት ነው። በዓለም ታሪክ እጅግ የከበደው ክህደት በአራት ወር ደመወዝ ተፈጸመ ብሎ መተረክ ለድርሰት አይመችም። ተመልካቹ «ይህን ያህል ትልቅ ነገር ያደረገ ሰው ትልቅ ምክንያት ሊኖረው ይገባል» ብሎ ያስባል፤ ጸሐፊውም ትልቅ ምክንያት ፈልጎ ይሰጠዋል።

በ1961 እ.ኤ.አ. ኒኮላስ ሬይ ባዘጋጀው «ኪንግ ኦፍ ኪንግስ» ይሁዳ በጌታችንና በዓመፀኛው በርባን መካከል የተከፈለ ሰው ነው። አሳልፎ የሚሰጠውም ጌታ ተገድዶ በሮማውያን ላይ ኃይሉን እንዲገልጥ ብሎ ነው። በ1973 እ.ኤ.አ. በፊልም በቀረበው «ጂሰስ ክራይስት ሱፐርስታር» በተሰኘው ሙዚቃዊ ድርሰት ደግሞ ይሁዳ የሚፈራው ሕዝቡ እየበዛ ሲሄድ ሮም ተቆጥታ አገሩን እንዳታጠፋው ነው፤ በዚያ ታሪክ አስተዋዩ ሰው እርሱ ሆኖ ይታያል። በ1988 እ.ኤ.አ. የወጣውና ብዙ ክርስቲያኖችን ያስቆጣው የማርቲን ስኮርሴዚ ፊልም ከሁሉም አልፎ ይሁዳን የታዘዘውን የፈጸመ ታማኝ ወዳጅ አድርጎታል። ይህ የመጨረሻው ሐሳብ አዲስ የሚመስለው ካለ አይደለም። በሁለተኛው መቶ ዓመት የነበረው ቅዱስ ሄሬኔዎስ በመናፍቃን ላይ በጻፈው መጽሐፍ በይሁዳ ስም የተጠራ የግኖስቲኮች «ወንጌል» እንደነበረ ጠቅሶ ነቅፎታል። ካሜራው አዲስ ነው እንጂ ትምህርቱ አሮጌ ነው።

ጥቂት ልቆይበት የምፈልገው ግን በ1977 እ.ኤ.አ. ፍራንኮ ዜፊሬሊ ለቴሌቪዥን ባዘጋጀው «የናዝሬቱ ኢየሱስ» ላይ ነው። ከስድስት ሰዓት በላይ የሚፈጅ፣ በአክብሮት የተሠራ፣ ብዙ ምእመናን በዕንባ የሚያዩት ሥራ ነው። አደጋውም እዚያ ላይ ይመስለኛል። በክፉ ልብ የተሠራውን ሁላችንም እንጠነቀቀዋለን፤ በመልካም ልብ የተሠራው ግን ሳናስተውለው ወንጌሉን በዓይነ ሕሊናችን ይተካዋል። በዚህ ፊልም ይሁዳ የተማረ፣ ቋንቋ የሚያውቅ፣ ለወገኑ ነጻነት የሚቆረቆር ወጣት ነው። ዜራ የሚባል፣ በአራቱም ወንጌላት የሌለ፣ በደራሲዎቹ የተፈጠረ ጸሐፊ ይቀርበዋል። ይሁዳም ጌታ በሸንጎው ፊት ቀርቦ ራሱን ቢገልጥ ሁሉም እንደሚያምንበት ተስፋ አድርጎ መገናኛውን ያመቻቻል። ጌታ ሲያዝ ግን የተዘጋጀው ስብሰባ ሳይሆን ፍርድ እንደሆነ ይገነዘባል። ሠላሳው ብርም ከነገሩ በኋላ፣ ሳይጠይቅ፣ እንደ ስድብ በእጁ ይሰጠዋል።

አንባቢ ሆይ፤ ከወንጌሉ ጋር አስተያየው። ማቴዎስ ዋጋውን አስቀድሞ የጠየቀ ሰው ነው ያሳየን፤ ዜፊሬሊ ግን ገንዘቡን በድንጋጤ የተቀበለ ሰው አሳየን። የተቀየረችው አንዲት ትንሽ ቅደም ተከተል ትመስላለች። ከእርሷ ጋር ግን ኃጢአቱ ራሱ ተቀይሯል። የዜፊሬሊ ይሁዳ ተሳስቷል እንጂ አልከዳም። የተታለለ ሰው ደግሞ የሚያስፈልገው ኀዘኔታ ነው፤ ንስሐ የሚገባበት ነገር የለውም። በዚያ ፊልም ይቅርታ መጠየቅ የሚገባው ዜራ ነው፤ እርሱ ደግሞ በእውነት ያልነበረ ሰው ነው!

ለፊልም ጸሐፊዎቹም ልፍረድላቸው። ሁለት ጠንካራ መከራከሪያ አላቸው። አንደኛው፣ ይሁዳ ገንዘብ ወዳድ ብቻ ቢሆን ኖሮ ራሱን የሚያስጠጋበት ስፍራ ከሌለው መምህር ጋር ያን ሁሉ ጊዜ ምን አቆየው? ገንዘብ የሚሻ ሰው ወደ ቀራጮች ይሄዳል፤ ቀራጭነቱን የተወ ሰው ወዳለበት ማኅበር አይመጣም። ሁለተኛው፣ ብሩን መልሶ መጣሉ ነው (ማቴ. 27፥3-5)። ለገንዘብ ብሎ የሸጠ ገንዘቡን ይዞ ይሄዳል እንጂ በቤተ መቅደስ ወርውሮት አይወጣም። እነዚህ ጥያቄዎች የዋዛ አይደሉም፤ በጉባኤያችንም ወጣቶች ሲያነሡአቸው «ዝም ብላችሁ እመኑ» ብሎ ማለፍ አይገባም።

ለመጀመሪያው ጥያቄ መልሱ ይሁዳ ሲጠራ ሌባ ነበረ የሚል ቃል አለመኖሩ ነው። ከዐሥራ ሁለቱ ጋር ተቆጥሯል፤ ከዐሥራ ሁለቱም ጋር በርኩሳን መናፍስት ላይ ሥልጣን ተቀብሎ ተልኳል (ማቴ. 10፥1-4)። ፊልም ሰውን ሲያስተዋውቀን «ይህ ሰው ምን ዓይነት ነው?» ብሎ ጠይቆ ከመጀመሪያው ትዕይንት አንድ ጠባይ ይሰጠዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚያደርገው ሁሉ ከዚያ ጠባይ ይመነጫል። ቤተ ክርስቲያን የምትጠይቀው ሌላ ነው፤ ይህ ሰው ምን አስገባ? ምን አስለመደ? ትላለች። ከረጢቱ በእጁ ነበረ። አንድ ቀን ጥቂት ወሰደ፤ ማንም አላየውም፤ በማግሥቱም ፀሐይ ወጣች። በሦስት ዓመት ውስጥ የሆነው ይህ ነው ብዬ ባስብ ወንጌሉን የጣስሁ አይመስለኝም። ሰይጣን ገባበት የሚለው ቃልም (ሉቃ. 22፥3፤ ዮሐ. 13፥27) ፈቃዱን የሚሰርዝ አይደለም፤ በሩ ከውስጥ ተከፍቶ ቆይቶ ነበርና።

ለሁለተኛው ጥያቄ ከመጽሐፍ ቅዱስ የአምኖንን ታሪክ አስታውሱ። ትዕማርን እስኪታመም ድረስ ከተመኛት በኋላ፣ ያሻውን በግፍ ሲፈጽም ከወደዳት ይልቅ አብልጦ ጠላት (2 ሳሙ. 13፥15)። ምኞት ያሰበውን ሲጨብጥ እንዲህ ይገለበጣል። ብሩ ከካህናቱ እጅ ሳለ ያበራ ነበር፤ በይሁዳ መዳፍ ላይ ሲያርፍና ጌታ ሲፈረድበት ሲያይ ግን ብር ብቻ ሆኖ ቀረ። መልሶ መጣሉ ገንዘብ አለመውደዱን አያስረዳም። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ የማቴዎስን ወንጌል ሲተረጉም እዚህ ክፍል ላይ ሲደርስ በፍቅረ ንዋይ ላይ ረጅም ተግሣጽ የሚያወርደው ያለ ምክንያት አይደለም። ሌላ ምክንያት መፈለግ አላስፈለገውም።

አንድ ነገር ግን ሁልጊዜ ይገርመኛል። በዚያችው ሌሊት ሌላ ሐዋርያ ጌታውን ክዷል። ቅዱስ ጴጥሮስ የካደው በወታደር ሰይፍ ተገድዶ አልነበረም፤ የፍም እሳት አጠገብ፣ በሌሊት ብርድ፣ አንዲት ገረድ ስለጠየቀችው ነው (ዮሐ. 18፥17-18)። ለዚህ ክህደት ታላቅ የፖለቲካ ምክንያት የፈጠረለት ፊልም አይቼ አላውቅም። ሁሉም ፍርሃቱን እንዳለ ይቀበለዋል፤ ትንሽ ስለሆነም አያፍርበትም። ታዲያ የጴጥሮስ ትንሽ ፍርሃት ለመካድ ከበቃ፣ የይሁዳ ትንሽ ስርቆት ለመሸጥ ለምን አይበቃም? የምገምተው መልስ አለኝ፤ ፈሪ መሆናችንን ማመን አይከብደንም፤ ሌባ መሆናችንን ግን እናፍርበታለን።

ከፊልሞቹ መካከል ወደ ከረጢቱ የቀረቡም አሉ። በ2004 እ.ኤ.አ. በወጣው የሜል ጊብሰን «ዘ ፓሽን ኦፍ ዘ ክራይስት» ገንዘቡ ለይሁዳ ሲወረወርለት በእጁ መያዝ ያቅተዋል፤ ብሩ ወለሉ ላይ ይበተናል፤ እርሱም ጎንበስ ብሎ ይለቅማል። ምንም ንግግር ሳያስፈልገው ሁሉን የሚናገር ትዕይንት ነው። ችግሩ ታሪኩ ከጌቴሴማኒ ስለሚጀምር ይሁዳ እዚያ እንዴት እንደደረሰ አናይም። ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየክፍሉ እየወጣ ያለው «ዘ ቾዝን» በአንጻሩ ጊዜ አለው። ይሁዳን ከአንድ አታላይ ነጋዴ ጋር የሚሠራ ወጣት አድርጎ ያስተዋውቀናል፤ ከረጢቱን ሲረከብ ያሳየናል፤ ቀስ እያለ ሲለወጥም እናያለን። እውነቱን ለመናገር ከአየኋቸው ሁሉ በዚህ ረገድ የተሻለ ነው። ሆኖም እርሱም እንደ ሌሎቹ «ጌታ ዘገየብኝ፣ ንግሥናውን ይግለጥ» የሚለውን ትልቅ ምክንያት መጨመር አልተወም። ከረጢቱ ብቻውን አይበቃም ብሎ ሰግቷል።

የቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ግን ያ ስጋት የለበትም። ረቡዕን የምንጾመው ጌታን ለመያዝ ስለተመከረው ምክር ነው። በዚያች ቀን ጅራፍ የለም፤ መስቀል የለም፤ የተነገረ ቃልና የተቆጠረ ዋጋ ብቻ ነው ያለው። ለፊልም የማይመቸውን ጸጥተኛ ቀን ቤተ ክርስቲያን ከዓርብ ጋር አስተካክላ ጾም ሰጠችው። በጸሎተ ሐሙስ በሚነበበው በመጽሐፈ ዶርሆም ይሁዳን እንድትከተል የምትላከው ዶሮ ወደ ገዛ ቤቱ ነው የምትደርሰው፤ ነገሩንም ከሚስቱ ጋር ሲነጋገር ትሰማለች። የትረካው ዓይን የሚያርፈው በሮም ግዛት ላይ ሳይሆን በአንድ ሰው ጓዳ ውስጥ ነው። በሰሙነ ሕማማትም በመሳሳም ሰላምታ የማንሰጣጠው የይሁዳን አሳሳም እያሰብን ነው። ማንም «የእኔ መሳም ከእርሱ የተለየ ነው» ብሎ ከዚህ ሥርዓት ነጻ አይወጣም።

እስካሁን የውጭ አገር ሰዎችን ስንወቅስ ቆየን። አሁን ወደ ገዛ መድረካችን እንምጣ። በሰንበት ትምህርት ቤቶቻችን የሕማማት ተውኔት ሲቀርብ ይሁዳ ገና መጋረጃው ሲገለጥ ይታወቃል። ጥቁር ካባ ደርቧል፤ ከሌሎቹ ተለይቶ ጥግ ይዟል፤ ዓይኑን ያጉረጠርጣል፤ ከረጢቱን ያንሿሿል፤ ሲወጣም ክፉ ሳቅ ይስቃል። ታዳሚው ይስቃል፤ ልጆች ይጮኹበታል። ፊልሞቹ ይሁዳን በታላቅ ምክንያት ከእኛ አራቁት፤ እኛ ደግሞ በታላቅ ካባ አራቅነው። ውጤቱ አንድ ነው፤ ከአዳራሹ የሚወጣ ሰው ሁሉ «እኔ እርሱን አልመስልም» ብሎ ይወጣል።

ወንጌሉ ግን ይህን ሰው ከዐሥራ አንዱ ማንም እንዳልለየው ነው የሚመሰክረው። ጌታ ከእናንተ አንዱ አሳልፎ ይሰጠኛል ሲል ጣታቸውን ወደ ጥጉ አልቀሰሩም፤ እያንዳንዳቸው ስለ ራሳቸው ጠየቁ (ማቴ. 26፥22)። በቢታንያም ስለ ድሆች የተቆረቆረው እርሱ ነበረ (ዮሐ. 12፥5)፤ ማቴዎስ እንደሚለው ሌሎቹ ደቀ መዛሙርትም ስለ ሽቱው ብክነት አብረው ተቈጥተዋል (ማቴ. 26፥8)። በዚያ ክፍል ውስጥ ከሁሉ ይልቅ የተስተካከለ የሚመስለው ንግግር የይሁዳ ነው።

ስለዚህ ለሚመጣው ዓመት ተውኔት የምትጽፉ እኅቶችና ወንድሞች፤ ካባውን ከይሁዳ ላይ አውልቁለት። እንደ ቅዱስ ዮሐንስና እንደ ቅዱስ ጴጥሮስ ያለ ልብስ አልብሱት። ድምፁ ከሁሉም የረጋ ይሁን። ሒሳቡን በጥንቃቄ የሚይዝ፣ የማኅበሩን ስንቅ የሚያውቅ፣ ነዳያንን በስም የሚጠራ አድርጉት። በቢታንያ ስለ 300 ዲናር ሲናገር ታዳሚው ራሱን ነቅንቆ «እውነቱን ነው» እንዲል አድርጋችሁ ጻፉት፤ ካልነቀነቀ ትዕይንቱን ደግማችሁ ጻፉ። ስርቆቱን ግን አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያለ ሙዚቃ፣ ያለ ሳቅ አሳዩት፤ እጁ ወደ ከረጢቱ ገብቶ ይውጣ፤ ንግግሩም ሳይቋረጥ ይቀጥል።

ይህን የምለው ለጥበብ ውበት ስል አይደለም። ዛሬ ከረጢቱ በብዙዎቻችን እጅ ነው። የጉዞ መዋጮ የምንሰበስብ፣ የሙዳየ ምጽዋት ቁልፍ የተሰጠን፣ ለነዳያን ምገባ በገዛ ስልካችን በቴሌብር ገንዘብ የምንቀበል አለን። ከእነዚህ መካከል ተቀምጦ ተውኔቱን የሚያይ አንድ ገንዘብ ያዥ ይኖራል። ነገ እመልሰዋለሁ ብሎ ለታክሲ የነካት መቶ ብር አለች እንበል። ዓይኑን የሚያጉረጠርጥ ባለ ካባ ሰው ለእርሱ ምን ይነግረዋል? በሮም ላይ ያመፀ አርበኛስ ምኑ ነው? ቀለል ባለ ድምፅ ስለ ድሆች እየተናገረ እጁን ወደ ከረጢት የሚሰድደውን ሰው ግን ያውቀዋል። ይሁዳ እስከ ዛፉ ሄደ፤ ይህ ወንድማችን ግን ገና በቢታንያ ነው፤ የንስሐ አባቱም ቤት ሩቅ አይደለም።

የሐሙስ ማታውን ትዕይንት ስትጽፉም አትቸኩሉ። ጌታ እግራቸውን ሲያጥብ ይሁዳ እዚያው ነበረ፤ የሚታጠበው እግር የእርሱ ሲሆን ተዋናዩ ፊቱን አያዙር። ተነሥቶ ሲወጣም የሚያስፈራ መብራት አይብራ። ቅዱስ ዮሐንስ እንደጻፈው፣ ከረጢቱ በእርሱ ዘንድ ስለነበረ የቀሩት ለበዓሉ የሚያስፈልገውን ሊገዛ ወይም ለድሆች ሊሰጥ የሚሄድ መስሏቸው ነበር (ዮሐ. 13፥29)። እኔ ብጽፈው፣ በሩ ላይ ሲደርስ ከደቀ መዛሙርቱ አንዱን ከተቀመጠበት ቀና አድርጌ፣ ለነዳያኑ የሚሰጠውን እንዳይረሳ በፍቅር አሳስበው ዘንድ አደርገው ነበር። ይሁዳም «እሺ» ብሎ ይወጣል። ውጪው ሌሊት ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።